የእጅ ሰዓቴ ሁለተኛ አለቃ ሆነብኝ፤ ሩጫ የምትወዱ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ገርጂ

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ አፍጥጬ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «የትናንቱ ቫውቸር ገብቷል?» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ዝም ካልኩ ጠዋት ፊት ይነሱኛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሐምሌን እንዴት እንዳሳለፍኩት ፈጣሪ ያውቃል። ጋደም እላለሁ፣ ዐይኔ ግን አይከደንም። ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ «መብራቱን አጥፋው ማለትም ሰለቸኝ» ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መልስ አልነበረኝም።

ሩጫ የጀመርኩት ያኔ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ላብህ ካልወጣ እንቅልፍህ አይመጣም» አለኝ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ከገርጂ ወደ ኢምፔሪያል፣ ከዚያም በቦሌ አቅጣጫ ሶምሶማ ማለት ጀመርኩ። ክረምት ስለነበር ጭቃውም ካፊያውም አልቀረልኝም። ቢሆንም እነዚያ ሦስት ሳምንታት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ሱቅ ሳይከፈት፣ የታክሲ ረዳት መጥራት ሳይጀምር፣ የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ መሮጥን የሚያህል ነገር የለም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዐይኔ ራሱ ይከደን ጀመር።

ከዚያ ሰዓት ገዛሁ። የሁለት ወር ቁጠባዬን አውጥቼ፣ ጂፒኤስ ያለው፣ የልብ ምት የሚቆጥር፣ እንቅልፍ የሚለካ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቁጥር እወዳለሁ፣ እንጀራዬም እሱ ነው። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እንዴት እንዳደርኩ የምጠይቀው ሰውነቴን መሆኑ ቀርቶ ሰዓቱን ሆነ። ቀለል ብሎኝ ከተነሳሁ በኋላ «የእንቅልፍ ነጥብ 54» ሲለኝ ቀኑን ሙሉ ይደክመኛል። ሳላቋርጥ የሮጥኩባቸውንም ቀናት ይቆጥራል፤ 47 ደርሼ ነበር። ከሠላሳኛው ቀን ጀምሮ የቀኝ ቅልጥሜን ያመኝ ነበር። ቁጥሩ ዜሮ እንዳይሆን ስል ግን እያነከስኩ ወጣሁ። ቢሮ አለቃ አለኝ፣ ማታ ግሩፑ አለ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ሌላ አለቃ በገዛ እጄ አንጓ ላይ አሰርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ወጣሁ። ገና ሩቅ ሳልሄድ ሰዓቱ ባትሪ ጨረሰ። ልመለስ ቆምኩ፤ ያልተመዘገበ ሩጫ እንዳልተሮጠ ቆጥሬው ማለት ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሰባት የሚሆኑ ወጣት ሯጮች አንድ በአንድ ተከታትለው ከባሕር ዛፉ መሀል ወጡ። የመጨረሻው ልጅ ፍጥነቱን ሳይቀንስ «ጋሼ፣ ከኋላዬ ግባ፤ ዛሬ ቀላል ነው» አለኝ። ገባሁ። ማንም አያወራም። ከፊት ያለው ሥር ወይም ድንጋይ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያቀብላል፤ እንዲህ እያለ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እኔ የማየው የፊተኛዬን ተረከዝ ብቻ ነበር። የጫማው ሶል በውጭ በኩል አልቆ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። እሱ የረገጠበትን እረግጣለሁ፣ እሱ በዞረበት እዞራለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲያጋጥሙን ሁሉም ከመንገዱ ወጥተው አሳለፏቸው፤ መሪው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ከዚያ ቀጠልን። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አላውቅም፤ ከልጆቹ የለየኝ የቅልጥሜ ሕመም ነው። ያን ሌሊት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ሰዓቱን ጨርሼ ልተወው? ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ። ለ10 ኪሎ ሜትር ያለ ሰዓት መዘጋጀት ይቻላል? የማታውንስ የግሩፕ ነገር እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

የቀድሞ የክለብ ልጅ፣ ሰንዳፋ

ወንድሜ፣ ልጁ «ዛሬ ቀላል ነው» ያለህን ልብ በል። ትልቁ ነገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ስድስት ዓመት በክለብ ሮጫለሁ። ውጤት አልመጣልኝም፣ አሁን በሌላ ሥራ ነው የምተዳደረው፤ የተማርኩት ግን ከእኔ ጋር አለ። በሳምንት ውስጥ አስፋልት የምንሮጥበት ቀን ነበር፣ ኮሮኮንች የምንሮጥበት ቀን ነበር፣ ጫካ የምንገባበት ቀን ነበር። አስፋልት ቀን ሰዓት ይታያል፤ አሠልጣኙም ከመኪና ላይ ሆኖ ሰዓቱን እያየ ይጮኻል። ጫካ ቀን ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ልጅ ግን ቁጣ ይጠብቀዋል። ጫካ የሚገባው በዛፍ መሀል እየተጠማዘዙ፣ ዳገቱን በቀጥታ ሳይሆን በአግድም እየቆረጡ እግርን ለማፍታታት ነው። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሁሉም በመሪው እግር ይሄዳል። ያንን ቀን ለብቻው ሊያፈጥን የሚሞክር ልጅ አርብ ላይ ሲቀር አይተነዋል። ቀላሉን ቀን ቀላል ማድረግ ያቃተው ለከባዱ ቀን ጉልበት አይተርፈውም።

እረፍትን ደግሞ እኛ ሥራ ነው የምንለው። ከልምምድ በኋላ በልቶ መተኛት የልምምዱ ግማሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማ ሲዞር የታየ ልጅ «እግሩን ጨረሰ» ይባል ነበር። በእኛ ክለብ እሁድ ማንም አይሮጥም፤ ደሞዝ የሚከፈለን ሯጮች ሆነን እንኳ። አንተ ቀን ሙሉ ሠርተህ፣ ሌሊት ሳትተኛ፣ 47 ቀን በተከታታይ! በዚህ ላይ ቅልጥምህ እያመመህ። እባክህ ይህን ቁጥር ዛሬውኑ ዜሮ አድርገው።

ሰዓቱን ግን አትጣለው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ 2:01:41 ሲገባ የኬንያዊውን የኪፕቾጌን የዓለም ክብረ ወሰን ያጣው በሁለት ሴኮንድ ነው። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ሁለት ሴኮንድ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ነበር። ሴኮንድ ዋጋ አላት፤ በቀኗ ሲሆን። እኔ ብሆን ማክሰኞን ለሰዓቱ እሰጠዋለሁ፣ የቀሩትን ቀናት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ሰርቨር ጠባቂ

የቴክኖሎጂውን በኩል ልጨምር፤ ሰዓቱ የሚነግርህን የምታምነው ከሚያውቀው በላይ ስለሆነ ነው።

ከሰዓቱ ሥር ያለው አረንጓዴ መብራት በቆዳህ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ነው የሚያየው። ደም ሲሞላ ብርሃኑን የበለጠ ይውጠዋል፣ ሲጎድል ያነሰ፤ ከዚያ ተነስቶ ምቱን ይቆጥራል። ንጋት ላይ ሲበርድ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ምልክቱም ይደክማል። ማሰሪያው ከላላ ደግሞ የእርምጃህን ምት የልብ ምት አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ ገና ሩጫ ስጀምር 175 ሲለኝ ደንግጬ ቆሜ፣ በጣቴ አንገቴ ላይ ብቆጥር 130 ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጂፒኤሱም እንደዚያው ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ወይም በረጃጅም ሕንጻዎች መሀል ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ይታገዳል፣ ይነጥራል፤ ርቀቱ ይዛባል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ በእያንዳንዷ ኪሎ ሜትር መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው።

የእንቅልፍ ነጥቡን በተመለከተ፦ የእንቅልፍ ደረጃዎች በትክክል የሚለዩት በሕክምና ቦታ የአንጎል ሞገድ ሲለካ ነው። ሰዓቱ ያለው የእጅህ እንቅስቃሴና የልብህ ምት ብቻ ነው፤ ከእነሱ ተነስቶ ይገምታል። ግምት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ለአንድ ወር ስታየው አዝማሚያውን ያሳይሃል። ለአንዲት ጠዋት ግን የባለቤትህ «ዛሬ ደህና አደርክ» ይበልጣል።

ጠዋት ጠዋት የሚመጣውን የነጥብ ማሳወቂያ ከቅንብሩ አጥፋው። ማጥፋት ይቻላል።

ሸጥኩት

እኔ ሸጥኩት፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አልጸጸተኝም።

ነርሷ፣ ጎንደር

ስለ ሰዓቱ ሁላችሁም ብላችኋል፤ እኔን ያሳሰበኝ ቅልጥምህ ነው።

በጣትህ አጥንቱን ከላይ ወደ ታች እየተጫንክ እየው። ሕመሙ ረዘም ብሎ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ የተበተነ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሩጫ ያመጣው ብግነት ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሩጫ ሲቆም ይሻለዋል። አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ስትነካው የሚያስጮኽህ ከሆነ፣ ወይም ተኝተህም የሚጠዘጥዝህ ከሆነ፣ ወይም በዚያ እግር ብቻ ስትዘል የማያስችልህ ከሆነ ግን አጥንቱ ራሱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ሳትውል ሳታድር ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ከተባልክ በኋላም ሕመሙ ካለ መሮጥ የለብህም።

የምትሮጥበት ጫማስ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ሰው ሰልባጅ ይገዛል፤ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ሰው ረግጦ ጨርሶታል። አውራ ጣትህን ሶሉ ላይ ስትጫን እንደ ድንጋይ ከሆነ አስፋልት ላይ አትውጣበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለሴቶች እህቶቼም ነው። ስትሮጡ ቶሎ ቶሎ የሚደክማችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ የሚመታ ከሆነ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት ደማችሁን ተመርመሩ። የብረት ማነስ ብዙ ጊዜ «ስንፍና» ተብሎ ይታለፋል። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮና ጎመን ስንበላ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ካስከተልን ሰውነታችን ከምግቡ የሚያገኘው ብረት ይቀንሳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ በምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ብርቱካን ቢጨመርበት ደግሞ ይረዳል። ቡናን አልከለከልኩም፣ ይቆይ ነው ያልኩት።

ከሻርጃ

ሰላም ወንድምና እህቶቼ። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ስልክና ሰዓት እንደ ጠላት ሲወራ ሳይ ሌላ ነገር ልናገር ብዬ ነው።

ለእኔ ስልክ ማለት ልጄ ናት። በሁለት ዓመቷ ትቻት ወጣሁ፤ አሁን ሰባት ሆናለች። ማታ ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ በኢሞ እደውልላታለሁ፤ የቤት ሥራዋን አቅርባ ታሳየኛለች፣ ፊደል ስትሳሳት አርማታለሁ። ስልኩ ባይኖር ድምፄንም አታውቀውም ነበር። ስለዚህ «ማታ ስልክ አትንኩ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰው አይሆንም።

እርምጃ ስለመቁጠርም ልንገራችሁ። ስልኬን ኪሴ አድርጌ ነው የምሠራው። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከኩሽና ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ልብስ ማጠቢያው። አንድ ቀን ማታ ሳየው 21 ሺህ እርምጃ ይላል። ከቤቱ በር ሳልወጣ! ያኔ ወገቤን የሚያመኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ማዳም «ሥራሽ እኮ ቀላል ነው» ስትለኝ ስልኩን አውጥቼ አሳየኋት። የራሷን ስልክ ከፍታ አየች፤ አራት ሺህ አይሞላም። ዝም አለች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት እንድጋደም ፈቀደችልኝ፣ እስካሁንም አልከለከለችኝም። ቁጥሩ ለእኔ ምስክሬ ነው።

ስፖርት የምሠራው በዚያች ሰዓት መጨረሻ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ወገቤን አፍታታለሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ሜዳ ላይ የምትሮጡ ሁሉ ለእኔም ሩጡልኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ገርጂ

እህቴ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ስለ ቁጥር የጻፍኩት ሁሉ ከአንድ ወገን ብቻ ነበር። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃሽ።

ነርሷ እህቴ፣ በጣቴ ተጭኜ አየሁት። ከታች በኩል አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያመኝ። ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ጫማዬም እንዳልሽው ነው።

የሕግ ሰው

የማታው ግሩፕ ጉዳይ ስለታለፈ እኔ ልመለስበት። የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንክና የሥራ መሪ ካልሆንክ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓትህ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል።

በቴሌግራም የታዘዘ ሥራም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ላፕቶፕ አስከፍቶ ቫውቸር ያስመዘገበህ መልእክት «ሰላም እደር» ከሚል መልእክት ይለያል። ክስ ግባ እያልኩህ አይደለም። ግን በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንደታዘዝክና ምን ያህል እንደቆየህ ለአንድ ወር መዝግብ። የእህታችንን የሻርጃውን ዘዴ ተጠቀም፤ ወረቀቱን ይዘህ ተነጋገር።

ከአዳማ

ወረቀት ይዞ መነጋገር አፍ ላይ ይቀላል። እኔ ተነጋግሬ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ኮንትራቴ አልታደሰም። ሁለት ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቤት ኪራዩን ነው። ወንድማችን በችኮላ እንዳይሄድ ነው የምለው።

የቡድን መሪ ነኝ

ከአዳማ የጻፍከው ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፤ ማስጠንቀቂያህም ልክ ነው። እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁ ነኝ። አሥራ አራት ሰው አስተዳድራለሁ፣ ማታ መልእክት ከሚልኩት አንዱ ነኝ።

ለምን እንደምልክ ልንገራችሁ። ቀን ስብሰባ ላይ እውላለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው የረሳሁት ሁሉ ትዝ የሚለኝ፤ እንዳልረሳው ብዬ ግሩፕ ላይ እጽፈዋለሁ። መልስ በዚያው ሌሊት ጠብቄ አላውቅም፤ ግን «ጠዋት ይደርሳል» ብዬም ጽፌ አላውቅም። ይህን ውይይት ካነበብኩ በኋላ ትናንት ግሩፑን ወደ ኋላ ሄጄ ተመለከትኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለጻፍኳቸው መልእክቶች አብዛኞቹ መልሶች በአምስት ደቂቃ ውስጥ የመጡ ናቸው። አንዷ ልጅ አራስ ነበረች።

ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ብትይዙት መልእክቱ በምትፈልጉት ሰዓት እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። እኔ አሁን ሁሉንም ለጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አደርጋለሁ። አለቃ የሆናችሁ ሁሉ ሞክሩት። ወንድሜ ሒሳብ ሠራተኛው፣ አለቃህን «ግሩፑን አቁሙልኝ» ከማለት «እንዲህ የሚባል ነገር አለ፣ ላሳይዎት» ብትለው ሰው የሚሰማህ ይመስለኛል።

ከነታንያ፣ እስራኤል

ሻሎም፣ ሰላም ለእናንተ። እኔ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ከሥራ ስወጣ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ከጓደኞቼ ጋር አርባ ደቂቃ እንሮጣለን፤ ሁላችንም ከኢትዮጵያ የመጣን ነን፣ በአማርኛ እያወራን ነው የምንሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ማሩ ተፈሪ ለእስራኤል ሁለተኛ፣ ልዑል ገብረሥላሴ ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ሲወጡ እኛ ዘንድ የነበረውን ደስታ ብታዩ! አባቴ ለሁለቱም እኩል እልል አለ።

እኔን የሚያድነኝ ሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኩን አጥፍቼ ካቢኔ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ኮከብ ሲታይ ነው የሚወጣው። እናቴ ጎንደር ገጠር ሳለች ሰንበትን እሳት ሳትነካ ነበር የምታከብረው፤ ዓርብ የተጋገረ ዳቦ ይበላል፣ ውኃ አስቀድሞ ይቀዳል። ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። አሁን የፋብሪካው ማሽን ስድስት ሌሊት ጆሮዬ ላይ ሲጮኽ ከርሞ ዓርብ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይገባኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እጄ ስልኩን ይፈልጋል፣ ከዚያ ይተወዋል።

ጡረተኛው መምህር፣ አራት ኪሎ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ተባረኩ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ወሬው የደረሰን ከአበባው ጋር አብሮ ነው። ሩጫው ሲጨርስ ሮም መሽቶ በመንገዱ ዳር ችቦ ይበራ ነበር፤ አክሱም ሐውልታችንም ያኔ እዚያው ሮም ቆሞ ነበር፣ አበበ በአጠገቡ አልፏል። የገባበት ሰዓት 2:15:16 ነበር። እኛ ልጆች በማግስቱ ጃን ሜዳ ሄደን እስኪደክመን ድረስ በባዶ እግራችን ስንሮጥ ዋልን። ማንም አልቆጠረልንም።

ለልጄ ለሒሳብ ሠራተኛው አንድ መለኪያ ልስጠው። ተማሪዎቼን ሳስሮጥ «ከጎንህ ካለው ጋር እያወራህ መሮጥ ከቻልክ ፍጥነትህ ልክ ነው፤ መዝፈን ከቻልክ ጨምር፤ አንድ ቃል መናገር ካቃተህ ቀንስ» እላቸው ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ሌላ አገር የተሠራ የልምምድ ሰሌዳ ላይ ያለውን ፍጥነት እዚህ ዳገት ላይ ብታሳድደው ትንፋሽህ ይነግርሃል። እሱን ስማው።

እኔ በየእሁዱ ንጋት መስቀል አደባባይ በእግሬ እዞራለሁ። ጉልበቴ ሩጫ አይችልም፤ እርምጃ ግን እግዚአብሔር ይመስገን አላቋረጥኩም።

ከቨርጂኒያ

ጋሼ መምህር ያሉት እውነት ነው። ኡበር እየነዳሁ ነው የምኖረው፣ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስገባ በመጀመሪያው ጠዋት እዚህ የለመድኩትን ፍጥነት ልያዝ ብዬ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት «ልጄ፣ ከውጭ ነው የመጣኸው?» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ዐሥር ቀን ፈጀብኝ ለመልመድ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለእረፍት የምትሄዱ ቀስ በሉ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ገርጂ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ሐኪሙ አጥንቱ ላይ ጫና እንደበዛበት ነገረኝ። ስንጥቅ አልደረሰም፣ ግን በዚያው ብቀጥል ይደርስ ነበር አለኝ። ሩጫ ለስድስት ሳምንት የለም፤ ሕመም በማይሰማኝ መጠን እርምጃ ብቻ። ስለዚህ የዘንድሮ ታላቁ ሩጫ ቀርቶብኛል። ቲሸርቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ መቀመጫው ዳር ላይ ታጥፎ ሳየው ከፋኝ፣ አልዋሻችሁም። በማግስቱ ግን እሷ ለብሳው «እንግዲያውስ እኔ ልጀምር» አለች። አሁን ንጋት ላይ አብረን እንወጣለን፤ እሷ ሶምሶማ ትላለች፣ እኔ በእርምጃ እከተላለሁ፣ ኢምፔሪያል ጋ ትጠብቀኛለች።

የማታዎቹን መልእክቶች መዘገብኩ። በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ሰዓት ሆነ። አለቃዬ ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ከመግባቴ በፊት የአዳማው ወንድሜ ያለው ትዝ ብሎኝ እጄ ላብ አላብ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የቡድን መሪው ያሳየንን የመልእክት ቀጠሮ አሳየሁት፤ አያውቀውም ነበር። ቁጥሩን ሲያይ «ይህን ያህል?» አለኝ። ክፍያውን በተመለከተ «እንነጋገራለን» ብሎኛል፤ ገና አልተነጋገርንም። መልእክት ግን ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አልመጣም። ሐምሌ ሲደርስ እናያለን።

ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። 47 የነበረው ዜሮ ሆኗል።

ጋሼ መምህር፣ ፈቃድዎ ከሆነ የፊታችን እሁድ መስቀል አደባባይ ልምጣና አብሬዎት ልዙር። አሁን እኔም እርምጃ ላይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፣ አራት ኪሎ

ና ልጄ፣ ደስ ይለኛል። 12 ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር በስቴዲየሙ በኩል ቆሜ ታገኘኛለህ፤ ነጭ ጋቢ ደርቤ፣ ከዘራ ይዤ። ባለቤትህንም ይዘሃት ና። ብርድ አለና ደረብ አድርጉ።